የጎረቤቴ የጾም ፓንኬክ

እኔ የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ማንንም ሳልጠይቅ ነው። ፊደልን የቄስ ትምህርት ቤት አጥር ጥግ ቆሜ እየሰማሁ ያዝኩት። የኤሌክትሪክ መስመር መዘርጋት ማንም አላስተማረኝም፤ ሁለት ጊዜ ይዞኝ ለቀቀኝና ከዚያ በኋላ ተግባባን። ሬዲዮ ፈትቼ እገጥም ነበር። እንግሊዝኛን ከቆርቆሮ ወተት ላይ እያነበብኩ ተምሬ ለሰው እስከ ማስተርጎም ደርሻለሁ። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ፓንኬክንም እንደዚሁ ነው የያዝኩት። ከአብዮቱ በፊት ቦሌ ውስጥ የአንድ ፈረንጅ ቤት መብራት ስዘረጋ፣ ከማድ ቤቱ መስኮት አጠገብ መሰላል ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ወጥ ሠሪው ቂጣ የመሰለ ክብ ነገር በመጥበሻ ሲገለብጥ አየሁ። እያየሁት እንደሆነ ገብቶት አንዱን በሹካ ሰክቶ በመስኮት አቀበለኝ። ስሙን ነገረኝ። አሠራሩን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ምላሴ ግን እንቁላሉን፣ ወተቱን፣ ስኳሩን አንድ በአንድ ለይቶ ያዘው። በሳምንቱ ቤቴ ሠራሁት።

ያን ቀን ባለቤቴ አንድ ጊዜ ጎረሰችና ዓይኗን ጨፈነች።

ይህን ማስረዳት አለብኝ። ባለቤቴ እጅግ የወደደችውን ምግብ የምታኝከው ዓይኗን ጨፍና ነው። ሆን ብላ አይደለም፤ እሷ ራሷ እንደምታደርገው አታውቅም ነበር። ያወቅኩት እኔ ነኝ። ከሠርጋችን ማግስት እናቷ በላኩት ዶሮ ወጥ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ያንን ዓይን ማስጨፈን የቻልነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ እናቷና እኔ። እኔ የቻልኩት ደግሞ በፓንኬኬ ብቻ ነው። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ከቁርስ ያለፈ ከምሳም ያልደረሰ ሰዓት ላይ፣ የቀበሌ ስብሰባ ካልተጠራ መጥበሻዬን እጥዳለሁ። የግቢው ሰው ይሰበሰባል። ሁሉም ያመሰግነኛል። እኔ ግን የማየው የእሷን ዓይን ነበር።

ግቢያችን ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ነው፤ የአንድ ሀብታም ቪላ የነበረ። ሲወረስ ቀበሌው ከፋፍሎ አከራየው። እኔ ከባለቤቴና ከአማቴ ጋር ሰርቪስ ቤቱን ያዝኩ። ከእኛ ቀጥሎ ከወለጋ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ በለሆሳስ የሚዘምሩ ጴንጤዎች። ከዋናው ቤት በረንዳ ያለው የፊት ለፊቱ ክፍል ግን ታሽጎ ኖረ። የዚያን በረንዳ አምፖል የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበት፣ ሰፊ፣ ንጣፉ ቀይ የሆነ በረንዳ ነው። ስመኘው ኖሬያለሁ። ይሰጠኝ ብዬ ግን ማንንም አልጠየቅኩም።

አንድ ቀን እሽጉ ተፈታና አንድ ወጣት ገባበት። ቼኮዝሎቫኪያ ተምሮ የተመለሰ፣ ገና ያላገባ፣ መለሎ፣ ትሕትናው የሚያናድድ። እኔን «ጋሼ» ይላል አንገቱን ሰበር አድርጎ። ባለቤቴን «እትዬ»፣ አማቴን «እማማ»። እጅጌውን ሰብስቦ ልብሱን ራሱ ያጥባል።

«እየው፣ የራሱን ሸሚዝ ያጥባል» አለችኝ ባለቤቴ በመስኮት እያየች።

«ሚስት ስለሌለው ነው።»

«አንተስ ሳታገባ ማን ያጥብልህ ነበር?»

እህቴ ነበረች የምታጥብልኝ።

ሁዳዴ ገባ። በሁዳዴ መጥበሻዬን አጥቤ ሚስማር ላይ እሰቅላታለሁ። ያለ እንቁላልና ያለ ወተት ፓንኬክ የለም፤ ይህን ያረጋገጥኩት እኔው ነኝ። አማቴ «መጥበሻህም ጾም ያዘች?» እያሉ ይቀልዱ ነበር። እኔም ባለቤቴም ፋሲካን እንጠብቃለን። የመጀመሪያው እሁድ ላይ ግን ያ ልጅ በራችንን አንኳኳ።

«ጋሼ፣ የጾም ፓንኬክ ልሠራ ነው። በረንዳው ላይ አብረን ቁርስ እንድንበላ ብዬ ነው።»

«የጾም ፓንኬክ የሚባል ነገር የለም» አልኩት።

ቀልድ የነገርኩት ይመስል ሳቀ። ባለቤቴ «ብቻውን ነው፣ ላግዘው» ብላ ቀድማን ሄደች። ግቢውን ለማቋረጥ ጫማ አደረገች። ወደ እኔ ማድ ቤት በነጠላ ጫማ ነበር የምትመጣው።

እኔ የሄድኩት ሲያፍር ለማየት ነው። ፓንኬኩ ሲመጣ ግን ወፍራም ነው፤ እንደ ስፖንጅ አብጧል፤ ላዩ ዓይናማ፣ ጠርዙ ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሽ። ማር አፍስሶበታል። አንድ ጊዜ ጎረስኩ። ሁለተኛ ልጎርስ ስል ቀና አልኩ። በዚያው ሰዓት አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በላያችን አለፈና ሁላችንም ጆሯችንን ያዝን። ባለቤቴ ጆሮዋን አልያዘችም። ዓይኗን ጨፍና እያኘከች ነበር።

የያዝኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት። ሌላ ሰው ሚስቱን ከሰው ጋር መንገድ ላይ ቢያይ የሚሰማው ስሜት ይህ ይመስለኛል። ልጁ የሚወቀስበት ነገር የለም። እጇን አልነካም፤ ቀና ብሎም አላያትም፤ ዱቄቱ ውስጥ ነበር ያቀረቀረው። ግን ያ ዓይን የእኔ ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ ነገር ስፈልግ ሰነበትኩ። እሷ ደግሞ ቤት እየጠረገች «ወንድ ሲያበስል ደስ ይላል» አለችኝ።

«እኔስ ምንድን ነኝ?»

«አንተማ ስታበስል ንግግር ታደርጋለህ።»

በሁለተኛው እሁድም ዓይኗ ተጨፈነ። እኔ በዚህ ጊዜ ሌላ ነገር ገብቶኛል። ሊጥ ያለ እንቁላል እንደዚያ አያብጥም። ቤኪንግ ፓውደር ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ ይህ ልጅ ፈረንጅ አገር ጾሙን ጥሎ መጥቶ እኛን እንቁላል እያበላን ነው! ጭንቅላት ላለው ሰው ሌላ መልስ የለውም። ለማንም አልተናገርኩም። ማስረጃ ፈለግኩ፤ አገኘሁም። ከበረንዳው ሥር ካለው ጽጌረዳ አጠገብ አፈር ውስጥ ገባ ብሎ የተሰባበረ የእንቁላል ቅርፊት። የዚያን ቀን ደስታዬ ከየትኛውም ዓመት በዓል ይበልጥ ነበር።

ሦስተኛው እሁድ ላይ ሁላችንም በረንዳው ላይ ነን፤ ባለቤቴ፣ አማቴ፣ የወለጋዋ ጎረቤታችንና እኔ። ልጁ ሳህን አደለ። ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ እስኪጎርስ ጠበቅኩና ብድግ አልኩ።

«ሁላችሁም ስሙኝ። ይህ ምግብ እንቁላል አለበት» አልኩ። ቅርፊቱን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። «ከደጁ ነው ያገኘሁት።»

አማቴ የጎረሱትን ሳይውጡ ሳይተፉ ጉንጫቸው ውስጥ ይዘው ቀሩ። ልጁ ቅርፊቱን አየ፤ እኔን አየ።

«እሱ የእኛ ነው» አለች የወለጋዋ ጎረቤታችን ቀስ ብላ። «እኛ ሁዳዴ አንጾምም፤ ታውቁታላችሁ። ለጽጌረዳው ይሆናል ብዬ ነው የቀበርኩት።»

ልጁ ወደ ውስጥ ገባና የተከፈተ ጠርሙስ ይዞ ወጣ።

«ቢራ ነው ጋሼ። እንቁላልም ወተትም የለውም። እዚያ ስማር ቤቷን ያከራየችኝ አሮጊት እንቁላል ሲጠፋ በቢራ ትሠራው ነበር። ጋዙ ነው የሚያነሳው።»

«ታዲያ ለምን ደበቅከን?»

«አልደበቅኩም። የመጀመሪያ ቀን ጠርሙሱን የከፈቱልኝ እትዬ ናቸው። እርስዎም ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር።»

ሁሉም ወደ ባለቤቴ ዞረ። እሷ ሳህኗን ታያለች።

«ቢራ ነው ያልከው?» አለች የወለጋዋ። መጠጥ በአፏ አይዞርም፤ ያ ልጅ ይህንን አልጠረጠረም። ፊቱ ቀላ።

«እሳት ላይ አልኮሉ ይተናል እትዬ... እኔ አላሰብኩም...»

«አይዞህ፣ አላወቅክም። ለእኔ ግን ይቅርብኝ» ብላ ሳህኗን በትሕትና ወደ አማቴ ገፋ አደረገች።

አማቴ ጉንጫቸው ውስጥ የቆየውን በመጨረሻ ዋጡት። «በጾም ጠላ የምጠጣ ሴትዮ የፈረንጅ ጠላ የነካው ቂጣ ያስፈራኛል?» አሉና የራሳቸውንም የእሷንም ጨረሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንተ ደግሞ ቅርፊትህን አንሳ። ገበታ ላይ ቆሻሻ አይቀመጥም» አሉኝ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ባለቤቴ ከኋላዬ ነበረች።

«እንቁላል ቢሆን ደስ ይልህ ነበር?» አለችኝ።

«እውነቱ እንዲታወቅ ነው።»

«እንቁላል ቢሆን እኮ እኔና እናቴ ጾም ገድፈን ነበር። ሦስት እሁድ። ደስ ይልህ ነበር ወይ ነው ያልኩህ።»

«አንቺስ እያወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«መቼ ጠየቅከኝ? አንተ ትናገራለህ እንጂ ትጠይቃለህ?»

በሰው ቢራ የምሸነፍ ሰው አይደለሁም። ነገሩ ቢራ ከሆነ ቢራን እኔ ከእሱ አስቀድሜ አውቀዋለሁ። ወደ ቀበሌው መዝናኛ ክበብ ሄድኩ። ቢራ ይዞ ለመውጣት ባዶ ጠርሙስ ማስረከብ ያስፈልግ ነበር፤ ቤቴ ያለው ባዶ ጠርሙስ የላምባ ማስቀመጫዬ ብቻ ነው። እሱን አጥቤ ወሰድኩ። አስተናጋጁ አፍንጫውን ወደ ጠርሙሱ አስጠጋ።

«ጓድ፣ ይሄ ላምባ ላምባ ይላል።»

«የእናንተ ቢራ ከዚህ ይሻላል?»

ሳቀና ሰጠኝ። «በሁዳዴ ግን ጓድ?» አለኝ፣ ጠርሙሱን ጋቢዬ ሥር ስሸጉጠው።

ሥራውን በዕውቀት ነው የጀመርኩት። ቢራ ምንድን ነው? የቦካ ነገር ነው። የቦካ ነገር ሊጥ ውስጥ ሲገባ ምን ይባላል? እርሾ። እርሾ የገባበት ሊጥ ምን ይፈልጋል? ጊዜ። የአገራችን ሴቶች ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው፤ ያ ልጅ ግን ፈረንጅ አገር ቆይቶ ረስቶታል፤ ከፍቶ ወዲያው ይጋግረዋል። እኔ አርብ ዕለት ዱቄቱን በቢራ ለወስኩ፤ በጨርቅ ሸፈንኩ፤ ሙቀት ካለበት ጥግ አስቀመጥኩ። እሁድ ስከፍተው ኮምጥጦ ጠበቀኝ። መጥበሻው ላይ ተኝቶ ቀረ። አላበጠም፤ ዓይንም አላወጣ።

አማቴ ቀመሱት። «እንጀራ ሊሆን ተነስቶ መንገድ ላይ የሰከረ ነው» አሉ።

ባለቤቴ ዓይኗን አፍጥጣ አኘከች፤ እንደ መርማሪ። በሚቀጥለው እሁድ ሳላቦካ ሠራሁ፤ ነገር ግን ሥራዬ ጥሩ እንዲሆን ክንዴ እስኪዝል መታሁት፤ አንዲት ጓል እንኳ አላስቀረሁበትም። ለጫማ ሶል የሚሆን ነገር ወጣ። በዚያኑ ሰዓት ከበረንዳው የማር ሽታ ይመጣል። ያ ልጅ ከዚያች ቀን በኋላም መጥራቱን አልተወም ነበር፤ ለወለጋዋ ጎረቤታችን በቢራ ፈንታ አምቦ ውኃ እያደረገ ለብቻዋ ይሠራላታል አሉ። ባለቤቴ «እኔ ቤቴ ነኝ» ብላ አልሄደችም። አለመሄዷ ከመሄዷ ይልቅ አቃጠለኝ፤ ለእኔ ብላ ስትቀር ዓይኗ ወደ መስኮቱ ነበር።

ከቀበሌ ሱቅ የተሰጠን የወሩ ዱቄት ሊያልቅ ነው። ለአንድ ጊዜ የሚበቃ ብቻ ቀርቶናል። ሆሳዕና ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ባለቤቴ ጣቷ ላይ የዘንባባ ቀለበት አድርጋ ነበር። ማድ ቤት ገብቼ ጠርሙሱንና ዱቄቱን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ቆምኩ። እሷ በሩ ላይ ተደግፋ ታየኛለች። በዕድሜዬ ያልወጣኝን ቃል አወጣሁ።

«እንዴት ነው የሚሠራው?»

«ምን አልክ?»

«ሰምተሻል።»

«አልሰማሁም።»

«እንዴት ነው የሚሠራው አልኩሽ!»

መጣች። ቀለበቷን አላወለቀችም። «መጀመሪያ መጥበሻው ይጋል» አለች። «ጠርሙሱን አሁን አትክፈተው። እሳቱ ዝግጁ ሳይሆን ከከፈትከው ጋዙ ለማንም ሳይሆን ይሄዳል። በል አሁን ክፈት። አፍስስ። በቃ፣ በቃ! አትምታው። ጓሉን ተወው፤ ራሱ ይሟሟል።» ማንኪያውን ከእጄ ወስዳ ከሥር ወደ ላይ ሁለት ሦስቴ ብቻ አዞረችው፤ አንጓዋን ዘንበል አድርጋ። ያንን የእጅ አዟዟር አውቀዋለሁ። የእሷ አይደለም። በረንዳው ላይ ነው ያየሁት። ከትዳራችን ጀምሮ ያላየሁትን እንቅስቃሴ ከእጇ ላይ ሳይ ምን እንደተሰማኝ አልናገርም።

ፓንኬኩ ግን ተነሳ። ዓይን አወጣ። ጠርዙ ተንኮሻኮሸ። አማቴ ምንም ሳይሉ በሉ፤ እሳቸው ምንም አለማለታቸው ከምስጋና ሁሉ ይበልጣል። እኔ ባለቤቴን ጠበቅኩ። ጎረሰች። አኘከች። ዓይኗ ክፍት ነው። ሌላ ጎረሰች። ክፍት ነው።

«ምነው?» አልኳት።

«ምኑ?»

«ዓይንሽ።»

ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኳት፤ የወደደችውን ስትበላ ዓይኗን እንደምትጨፍን፣ ከዶሮ ወጡ ጀምሮ እንደማየው፣ በረንዳው ላይ ምን እንዳየሁ። አማቴ «ይሄንን ነው እንዴ ስትቃጠልበት የከረምከው?» አሉ። ባለቤቴ ጉርሻዋን ሳህኑ ላይ መልሳ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች።

«ራሴ የሠራሁትን ምግብ ዓይኔን ጨፍኜ እንዴት እበላለሁ?» አለች። «የጎደለውን እያየሁ ነው እንጂ።»

ልክ ነበረች። ጠይቄ ያገኘሁት ፓንኬክ የእሷ ፓንኬክ ሆነ።

በፋሲካ መጥበሻዬ ወደ እንቁላሏ ተመለሰች። ልጁን ጠራሁት፤ ጎረቤት ነው። አንዱን በልቶ ሳይጨርስ «ጋሼ፣ ይሄንን እንዴት ነው የሚሠሩት?» አለኝ። እንዲሁ። ውኃ ስጡኝ እንደሚል ሰው። እንደዚያ ቀለል አድርጎ መጠየቅ ከየት ይመጣል? ከበረንዳውም ከቼኮዝሎቫኪያውም በላይ የቀናሁት በዚያ ነው። ሁሉንም ነገርኩት፤ ዱቄቱን፣ ወተቱን፣ ስኳሩን፣ እሳቱን። ትንሿን ቁንጥር ጨው ግን ዘለልኳት። ብልህ ከሆነ ራሱ ይደርስባታል።

ከጊዜ በኋላ አግብቶ ወደ ሚስቱ ቤት ሄደ። ሲወጣ ለቀበሌው «ለጋሼ ይሁን» ብሎ ነገረልን፤ በረንዳው የእኛ ሆነ። ይህንንም ያገኘሁት በእሱ አፍ መሆኑ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። በተከታዩ ሁዳዴ ባለቤቴ ቅዳሴ ሄዳ ሳለ ማድ ቤቱን ዘግቼ ብቻዬን ሠራሁ። መጥበሻውን አጋልኩ፤ ጠርሙሱን ከፈትኩ፤ ጓሉን ተውኩት። አንጓዬን አላዘነበልኩም፤ በራሴ አዟዟር አዞርኩት። ስትመለስ በረንዳው ላይ ወንበር አወጣሁላት። ማር አፈሰስኩበት።

ጎረሰች። አኘከች። ዓይኗን ጨፈነች።

የጠዋቷ ፀሐይ ግን በምሥራቅ ከጎሮ ሰፈር በኩል ወጥታ ፊት ለፊት ታበራባት ነበር። ጥላዬን ላጠላባትና ልለየው ፈጥኜ ተነሳሁ። ፊቷ ላይ ስደርስ ውጣዋለች።

«ምን ትጋርደኛለህ?» አለችኝ ዓይኗን ገልጣ።

ፀሐዩ ነው ወይስ ፓንኬኩ ብላት ትነግረኝ ነበር። አልጠየቅኳትም። ዛሬም አብራኝ አለች፤ አሁንም አልጠየቅኳትም። ለመጣው ሰው ሁሉ ግን ፓንኬኩ ነው እላለሁ።